ጠዋት ጠዋት የሚቀዘቅዝ ገላ

ይመኙሻል የቄስ ኃይለ ኢየሱስን በር ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ቀረች። ከውስጥ የሚወራው ስለ ራሷ መሰላት። «ፈረንጁ ሐኪም ቁርጡን ነግሮኛል፤ ዕጢው ከነጡቷ ካልወጣ አትተርፍም ብሎኛል» ይላሉ ቄሱ፣ ቅዳሴ ባሻከረው ድምፅ። «እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ያስገቧት ስድስት ሰዓት አለፈ። ኋላ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ በሩን ገፋ አድርጎ ወጣና ‹አባ፣ አይዞዎት፣ ጡታቸው ተመልሷል› አለኝ። በዚሁ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ገብቼ ባይ ከአንሶላው በላይ ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው። ሰው ቆርጦ የጣለውን ማን መለሰው እንግዲህ?» «እመቤታችን ናታ» አሉ እንግዶቹ። ጣሳ መሬት ሲነካ ተሰማ። ይመኙሻል የተነሳ እጇን አውርዳ ወደ ግራ ብብቷ ወሰደችው፤ ልማዷ ነው፣ ሰው ፊት ስትሆን ብቻ ነው የምትቆጣጠረው።

ቀኑ የጥቅምት ማርያም ነበር፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት። መሐል ሜዳ ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ከቤቱ ቆርቆሮ ላይ እየቀለጠ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ይመኙሻል በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና የምትመታ ሴት ናት፤ ጠዋት አለቃዋን ጥርሴን አመመኝ ብላ አስፈቅዳ ነው የወጣችው። በቦርሳዋ ውስጥ የዐሥራ አራት ሴቶች ስም ያለበት አንድ ወረቀት አለ። ዐሥረኛው ስም «ጠጄ፣ መሐል ሜዳ፣ የቄስ ሚስት» ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው የዶክተር አባይነህ ላንድሮቨር ከጤና ጣቢያው ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ወደዚህ አገር የሚመለሰው ምናልባት ከፋሲካ ወዲያ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠጄን ለብቻዋ አግኝቶ መናገር፣ አሳምኖም ማምጣት ያስፈልግ ነበር። ሥራው ቀላል መስሏት ነበር ከቤቷ ስትወጣ። በሩ ላይ የሰማችው ነገር ግን እግሯን አሰረው። ለዚህች ሴት ልትነግራት የመጣችው፣ ዛሬ በዚህ ቤት ዳቦ የተቆረሰበት ተአምር በላስቲክ የተሠራ መሆኑን ነው።

አንኳኳች። የቄሱ እናት እማሆይ አመተሥላሴ ከመደቡ ላይ ሆነው «ግቢ፣ የማናት?» አሉ። ስሟንና መሥሪያ ቤቷን ስትናገር ቤቱ ጭጭ አለ። አምስት ያህል ጎረቤቶች ግድግዳውን ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ ከጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው በዚያ ሰሞን አንድም የመዋጮ፣ አንድም የብሔራዊ ውትድርና ወሬ ይዞ ነው የሚመጣ። «ዝክሩን ሰምቼ ነው» አለች ይመኙሻል፣ ውሸቱ እንዴት ቶሎ እንደመጣላት እየገረማት። ፊቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተፈቱ። እማሆይ አጎዛውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት። ግድግዳው ጭቃ ያልነካው ድንጋይ ነው፣ ብርዱ በጀርባዋ ይገባል። የስብከተ ወንጌል ሥዕሎች በተርታ ተሰቅለዋል፣ ከመካከላቸው የምሥለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል አዲስ ነጠላ ለብሷል። ጥቂት እንደቆየ ወሬው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ስለ በግ ጠጉር ባና ዋጋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አርባ ብር ሲጠሩበት እዚህ ሠላሳ ሁለት እንኳ የሚሰጥ እንደጠፋ፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገብቶለት በግማሽ ቀን እንዳለቀ፣ ገብሱ ዘንድሮ እንዳልሞላ። አንዱ «በጥቅምት አንድ አጥንት ይሉ ነበር አባቶች፣ አሁን አጥንቱም የለ» አለና ሳቁ።

ይመኙሻል የምታየው ጠጄን ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ፊቷ ውርጭ የመታው ጠይም፣ ከሰው ጋር ሳትተያይ የምታስተናግድ ሴት። ጠላውን የምትቀዳው በቀኝ እጇ ብቻ ነው። ግራ ክንዷ ከጎኗ አይላቀቅም፣ አንድ ነገር በብብቷ ሸጉጣ እንዳይወድቅባት የምትጠነቀቅ ትመስላለች። ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ዳቦ ማውረድ ሲያስፈልግ አላወረደችም፤ አንዷን ጎረቤት «እስቲ አንቺ ረዘም ትያለሽ» አለቻት። ጎረቤቲቱ ከእሷ ታጥራለች። ይመኙሻል ራሷ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትኖር ሰው አልጠረጠረባትም ነበር፤ ስለዚህ የሚያየው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ እንደሆነች አወቀች። እማሆይ ክርኗን ነካ አደረጓት። «ሰምተሻል አይደል የምራቴን ነገር? በይ ጠጄ፣ አንቺው ንገሪያት እንጂ፣ ከባለቤቱ አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።» ጠጄ ማንቆርቆሪያውን ሳታስቀምጥ «ቄሱ ነግረውታል» አለች። «አንቺ ንገሪያት» አሉ እማሆይ ደግመው። «እሳቸው ያሉት ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እማሆይ «ዓይነ አፋር ናት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከአፏ አልወጣም» ብለው ሳቅ አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ተነስታ ወደ ጓዳ ልትገባ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜም «እንግዳ ነሽ፣ ምን ልታደርጊ» ብለው አስቀመጧት። ቄሱ ስለ ሥራዋ ጠየቋት፣ የጽሕፈት መኪና ጣት ያሳምም እንደሆነ ጠየቋት፤ ቅን ሰው ነበሩ፣ ያ ነገሩን የባሰ አከበደባት። ሰዓቱ ወደ አምስት ሲጠጋ የተቆረሰላትን ዳቦ በእጇ እንደያዘች ተነሳች፣ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። በምን መላ እንደምትመለስ ግን ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በገበያው ሜዳ ያልፋል። ስትሄድ ትሮጣለች ማለት ይቻላል። እሷም ለጡቷ ዕጢ ኦፕራሲዮን የሆነችው ጠጄ በታከመችበት ዘመን፣ በዚያው የአዲስ አበባ ሆስፒታል፣ በዚያው ፈረንጅ እጅ ነው። ከሰመመኑ ስትነቃ አንዲት ነርስ «ተሠርቶልሻል» አለቻት፤ እሷም ተሰፍቷል ማለቷ መሰላት። ሰባት ዓመት እንደዚያው ኖረች። ከዚያ ጡቷ እየጠጠረ፣ ብብቷ ውስጥ እንደ ባቄላ የሚነካ ነገር እየበዛ መጣ፤ በሽታው ተመለሰ ብላ ኑዛዜዋን አስባ አዲስ አበባ ወረደች። የከፈታት ዶክተር አባይነህ ነው። ኋላም «ትንሽ ነገር ነበር፣ አውጥተነዋል፣ አያስቡ» አላት። አሳየኝ አለችው። አይሆንም አላት። ውጪ ብለው ወረቀቷን ሲሰጧት ከአልጋው አልወርድም አለች፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ዶክተሩ ራሱ በብረት ሳህን ይዞት መጣ፤ የተቀደደ የላስቲክ ከረጢት፣ ከውስጡም እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ የሚሳብ ነገር። ሲሊኮን ይባላል አላት። ከረጢቱ ሲቀደድ ውስጡ ያለው እየሾለከ ብብቷ ድረስ ሄዷል። በሽታው አልተመለሰም ነበር፤ ቢመለስም ግን ከዚያ ከረጢት ኋላ ሆኖ ማንም አያየውም። የዚያን ቀን «ከእኔ ሌላ ስንት ነን?» ብላ ጠየቀችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሮውን የኦፕራሲዮን መዝገብ ገልብጦ ዐሥራ አራት ስም ጻፈና አመጣላት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለቱ ሆነ። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትፈልጋለች። ሴቶቹ ከሆስፒታል የሚመጣ ደብዳቤ ይፈራሉ፤ ባል ያነበዋል፣ ቀበሌ ያነበዋል። ስለዚህ ፈቃዷን እያጠራቀመች በአውቶብስ ትሄዳለች፣ ደብረ ሲና፣ አዲስ አበባ፣ አንዴም ደሴ ድረስ። ዘጠኙን በሕይወት አግኝታለች። ሌሎች ሁለት ሞተው አገኘቻቸው። ከዶክተሩ ጋር ያላት ውል አንድ ነው፤ ማንኛዋም ሴት በውስጧ ያለው ምን እንደሆነ ሳይነገራት እጅ አያርፍባትም፣ ሲነገራትም ይመኙሻል አጠገቧ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ዶክተሩ ይህን እንደ ስድብ ነበር የወሰደው። ኋላ ለመደው።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በሽተኛው ፀሐይ እየሞቀ ተሰልፏል። ዶክተር አባይነህ የአንድ ሽማግሌ ቁስል ሲያይ ቆይቶ እጁን እየታጠበ ወደ እሷ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ግን ከፊት ሸሽቷል። «አላገኟትም?» አላት። አገኘኋት ግን ቤቱ ሰው ሞልቶታል አለችው። ሰዓቱን አየ። «በቀበሌው በኩል ወረቀት ይላክላት እንጂ እንግዲህ። ለምርመራ ትፈለጋለች ይባል።»

«ቀበሌው የላከውን ወረቀት ከእሷ በፊት ከተማው ነው የሚያነበው።»

«ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ካልተነሳሁ ጣርማ በር ላይ ይመሽብኛል። ደግሞም ጊዜ የለንም። የሆስፒታሉ ካድሬ ትናንት እንደገና ዝርዝሩን ጠይቆኛል። ሴቶቹን አዳራሽ አቅርቦ የኢምፔሪያሊስት ሐኪሞች ግፍ ብሎ ሊያናግራቸው ነው የሚፈልገው።»

«ምን አሉት?»

«እኔ ጋ የለም አልኩት። የለም ደግሞ፣ እርስዎ ጋ ነው።»

ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ የሰማችውን ነገረችው፤ ስለ ዝክሩ፣ ስለ ቄሱ፣ ኮሪደሩ ላይ ስለ ወጣው ባለ ነጭ ጋዋን። ዶክተሩ እጁን በፎጣ ሲያደርቅ ነበር፤ አቆመ። «ተመልሷል ነው ያሉት?» አለ። «ተመልሷል አለኝ ነው የሚሉት።» ፎጣውን አጣጥፎ ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ወደቀ፣ አንስቶ እንደገና ሰቀለው። «ይሂዱና ይሞክሩ እስቲ» አለ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ። «እስክትመጡ እቆያለሁ። ቢመሽም እቆያለሁ።» ሐሳቡን እንዲህ በአንዴ ሲለውጥ አይታው አታውቅም፤ ግን ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም።

ስትመለስ እንግዶቹ ሊሄዱ በር ላይ እየተመራረቁ ነበር። ቄሱ ይሸኛሉ፣ እማሆይ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። ይመኙሻል ማንንም ሳታስፈቅድ ቤቱን ዞራ ወደ ጓሮ አለፈች። ጠጄ ከድንጋዩ አጥር ሥር ቁጢጥ ብላ ጣሳዎቹን በግራ ጉልበቷ ላይ ደግፋ በቀኟ ታጥባለች። ቀና ብላ አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

«እኔ ዝክር ልቀምስ አልመጣሁም» አለች ይመኙሻል።

«አውቄያለሁ። ዳቦዎን አልነኩትም።»

ይመኙሻል አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ለዘጠኝ ሴቶች የተናገረችው ንግግር ነበራት፣ በጥንቃቄ የተደረደረ፤ አንዱም ቃል አልመጣላትም። በአንድ ዓመት እንደታከሙ፣ አንድ ሐኪም እንደከፈታቸው ነገረቻት። ከዚያም «በግራ በኩል ያለው ጡትዎ ገላ አይደለም» አለች። «አውጥተው ሲያበቁ በቦታው የጨመሩት ነገር ነው። ሳይነግሩዎት።» ጠጄ ጣሳውን አገላብጣ ውሃውን ደፋች። ሌላ ጣሳ አነሳች። ከቤቱ ፊት ለፊት የቄሱ ሳቅ ይሰማል።

«ከምንድነው?» አለች ጠጄ።

«ከላስቲክ።»

«እኔ የበግ ፊኛ መስሎኝ ነበር።»

ጠጄ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ ጣሳዎቹን እያየች ተናገረች። «ከሆስፒታል ከመጣሁ በሳምንቱ ነው ያወቅሁት። ጠዋት ስነሳ ይቀዘቅዛል። በዚህ አገር ውርጭ ሌላው ገላዬ ባናው ውስጥ ሲሞቅ ያድራል፣ እሱ ብቻ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በእጄ ይዤ ነው የማሞቀው፣ ቄሱ ከመንቃታቸው በፊት። የራሴ ቢሆን አብሮኝ ይሞቅ ነበር። ግን እኔ ከአልጋ ሳልወርድ እሳቸው ለአገር ነግረው ጨርሰው ነበር። ለደብሩ ጃንጥላ ተስለው ነበር። እማሆይ እያለቀሱ እግሬን ስመዋል፣ የእኔን እግር፣ ከዚያ በፊት መካን ብለው ሲመርሩብኝ የኖሩት። ምን ልበል?» እጇን ወደ ብብቷ ወሰደች። «አሁን ሁለት ዓመት ሆነው፣ እየጠጠረ ነው። ብብቴ ውስጥም አለ። በእመቤታችን ስም የዋሸሁትን እየቆጠረችብኝ ነው እያልኩ ነው የምኖረው። ለንስሐ አባቴም መናገር አልቻልኩም፤ ንስሐ አባቴ የቄሱ ወንድም ነው።»

ይመኙሻል ዙሪያዋን አየች። አጥሩ እስከ ደረት ይደርሳል፣ ከወዲያ የጎረቤት ገለባ ክምር ነው ያለው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ የቀሚሷን ቁልፎች ፈታችና ግራ ጎኗን ለፀሐዩ ከፈተችው። ዝርግ ነበር፤ ከብብቷ ሥር እስከ ደረቷ አጥንት የሚሄድ አንድ ሮዝ መስመር። «እኔም ጠጥሮብኝ ነበር። ብብቴም ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ የተሳልኩት ስለት የለ፣ የዋሸሁት የለ። ያወጣልኝ ሐኪም ዛሬ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው» አለች። ጠጄ ለረጅም ጊዜ አየችው። እጇን ሰደደች፣ ውሃ የነካው ጣቷ መስመሩ ላይ አረፈ። «ይሞቃል» አለች። ከዚያ የይመኙሻልን ቀሚስ ራሷ ቆለፈችላት፣ ከላይ እስከ ታች። «አሁን ብንሄድ ያየኛል?»

በጓሮው በር ወጡ። ጠጄ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በፍጥነት ትራመዳለች፣ ይመኙሻል ልትደርስባት ነበር የምትለፋው።

ዶክተር አባይነህ በሽተኞቹን ጨርሶ በባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። አልተቀመጠም። ጠጄን ሲጨብጣት ፊቷን አላየም፤ «እዚህ ጋ ይተኙልኝ» ብሎ ወዲያው ጓንቱን አነሳ። ይመኙሻል ከበሩ አጠገብ ሆና «መጀመሪያ» አለች። ጓንቱ በእጁ ቀረ። እንደ ልማዱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መናገርም ጀመረ፤ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ውስጡ ዝልግልግ ነገር፣ ሁሉም ላይ እንደማይቀደድ፣ ሲቀደድ ግን ምን እንደሚያደርግ። ይመኙሻል ይህን ንግግር ዘጠኝ ጊዜ ሰምታዋለች። እንደዛሬ ሲደናቀፍበት ግን አልሰማችም። ጠጄ መጀመሪያ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። እየቆየች ራሷን ቀና አደረገች፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለች።

ዶክተሩ ከወንበሩ ሊነሳ ብሎ ተመለሰ።

«ሰመመን ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ ነው። ቄሱን ኮሪደሩ ላይ ያናገራቸው።»

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ይመኙሻል የምትደገፈው ነገር ፈልጋ የበሩን መቃን ያዘች። ዶክተሩ ወደ እሷ አልዞረም፤ ለጠጄ ነበር የሚናገረው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ፈረንጁ የሚናገረውን ለበሽተኞች የሚያስተረጉመው እሱ ነው፤ ከዐሥራ አራቱ ለሦስቱ አስተርጉሟል። ያን ቀን ፈረንጁ፣ ከረጢት አስገብተናል፣ ዕድሜ ልክ ላይቆይ ይችላልና በየዓመቱ ይምጡ በልና ለባልየው ንገር አለው። ሲወጣ ካህን ቆመዋል፣ ዳዊት ይዘው፣ ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ። «ስለ ሚስታቸው ጡት ለቄስ እንዴት ብዬ እንደምናገር አላወቅሁም። ላስቲክ ማለት አፈርኩ። ቦታው ተመልሷል ማለት ፈልጌ ነው፣ ተሞልቷል እንደማለት። ተመልሷል አልኳቸው። ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልመልሰው?» ጣቶቹ ጓንቱን ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። «በየዓመቱ ይምጡ የሚለውንም አልነገርኩም።»

ይመኙሻል ሁለት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር በየሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዝርዝሩን ያወጣው ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው ትል ነበር፣ ለሴቶቹም እንዲህ ብላ ነበር የምታስተዋውቀው። ሦስት ቀን አላሳይም ያላት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ልትጮህ ፈለገች፣ ልትወጣ ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም፣ ምክንያቱም ጠጄ አልጮኸችም። ጠጄ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። «እንግዲህ ይመልከቱኛ» አለች። ዶክተሩ ለረጅም ጊዜ መረመራት፣ ብብቷን፣ አንገቷን፣ ሌላውንም ጡት። ተቀዷል አለ። መውጣት አለበት፣ ወር ሳይሞላ፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ የብብቷ እባጭ ሲሊኮን ብቻ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ዛሬ ከእሱ ጋር ብትሄድ ነገ ያስተኛታል።

«ሲወጣ ምን ይቀራል?»

«ጠባሳ ይቀራል።»

«እሱ የራሴ ነው?»

«የራስዎ ነው።»

ቄስ ኃይለ ኢየሱስ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሰው ነግሯቸው ነበር፣ ሚስትዎ ከጽሕፈት ቤቷ ሴትዮ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አየናት ብሎ። በርኖሳቸውን በአንድ ትከሻ ጣል አድርገው ሲያለከልኩ ገቡ። «ምን ሆና ነው?» አሉ። ጠጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እሳቸው ይንገሩዎት» አለች። «ያኔም የነገሩዎት እሳቸው ናቸው።» ዶክተሩ ተነስቶ ቆመ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራቸው፤ አንዱንም ቃል አላለሰለሰም። ቄሱ ቆመው ሰሙ። የእጅ መስቀላቸውን አንዴ ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት።

«በዓውደ ምሕረት ተናግሬዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በየዓመቱ። ስንት የታመመች ሴት ይህን ሰምታ ሐኪም ቤት መሄዷን ትታ እቤቷ ተቀምጣ ይሆን?» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አንገታቸውን ደፉ። ቁጣ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ፊታቸው ነበሩ። ቄሱ ግን ወደ መስኮቱ ሄደው ላንድሮቨሩን አዩና ዶክተሩን «ለሁለት ሰው ቦታ አለው?» አሉት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ጠጄ የባሏን በርኖስ ደርባ ከኋላ ተቀመጠች፣ ቄሱ አጠገቧ። ከመግባታቸው በፊት ይመኙሻልን ወደ ጎን ጠርተው «እናቴ ትጠብቃለች። አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ስመለስ እደግመዋለሁ፣ ለእሷም ለደብሩም» አሏት። ዶክተሩ የፊቱን በር ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ ቆየ። ለብቻዋ ሲያገኛት «ለቀሩት ይነግሯቸዋል? ስለ እኔ?» አላት በዝግታ።

«እኔ አልነግርም» አለች ይመኙሻል። «እርስዎ ይነግሯቸዋል፣ ለዘጠኙም፣ ገና ላልተገኙትም። እኔ እንደ ልማዴ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ዝርዝሩ...» አለና ተወው። ቦርሳዋን አልከፈተችለትም። መኪናው በገበያው ሜዳ አቋርጦ ሲሄድ አቧራው እስኪበርድ ቆማ አየችው። አሁን ጠልታዋለች፤ ነገ ደግሞ ጠጄን የሚከፍታት እጅ የእሱ ብቻ ነው፣ ሌላ እሺ የሚላት ሐኪም አልነበራትም። ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ መያዝ አልቻለችም፣ አንዱንም መጣል አልቻለችም። ወደ ቢሮዋ ልትመለስ ጥቂት ተራመደች፣ ቆመች፣ ዞረች።

እማሆይ አመተሥላሴ መደቡ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ቤቱ ተጠርጓል፣ የታጠቡት ጣሳዎች አፋቸውን ደፍተው ተደርድረዋል፤ ከጓሮ ያስገቧቸው እማሆይ ራሳቸው መሆን አለባቸው። ይመኙሻል ቆማ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፣ አስቀመጧት። ነገረቻቸው። እንደ ቄሱ በአንድ ጊዜ አልገባቸውም፣ ላስቲክ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከገባቸው በኋላ ወደ ሥዕሉ ይዞራሉ ብላ ጠብቃ ነበር፣ አልዞሩም። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያማት ነበር?» አሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እዚሁ? እኔው አጠገብ እየተኛች?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

ውጭ በግ የሚነዳ ሰው አለፈ። እማሆይ የምራታቸው የግራ ክንድ እንዴት እንደነበረ ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስል የገዛ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣበቁት፣ እንደዚያ አድርገውም ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ለቀቁት።

«አልነገረችኝም» አሉ። መቁጠሪያቸውን አንስተውም፣ «አልጠየቅኋትማ» አሉ።